ጦይባና ባዶው ሳፋ

የበደለችኝ ሲስተር ጽጌ ናት። የበደለችኝም ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በአንድ የግንቦት ጠዋት፣ ደሴ፣ በነርሶች ማሠልጠኛው ሰፊ ክፍል ውስጥ ነው። እሷ የማሠልጠኛው ኃላፊ፣ እኔ የአዋላጅ ነርሶች መምህርት ነበርን። ተማሪዎቼ በቆሙበት፣ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች በተቀመጡበት፣ የትምህርት ቤቱን አሻንጉሊት ሸጠሽ በሰጋቱራ ተካሽው አለችኝ። የማሠልጠኛውን ስም አልጽፍም፤ ግድግዳው ምንም አልበደለኝም።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ኮምቦልቻ እኖራለሁ። የሥራ ዘመንሽን ጻፊው የሚሉኝ አሉ። ሰው ከአዋላጅ መስማት የሚፈልገው ስለ መንታና ስለ ሦስት ቀን ምጥ ነው። ያ ሁሉ ደርሶብኛል፤ በማንኛዋም አዋላጅ ላይ ይደርሳል። «ስንት ልጅ አዋለድሽ?» ለሚለኝ መልስ የለኝም፤ አልቆጠርኩም። ደመወዙም የሚታወቅ ነው። እኔ የምጽፈው ስለ አንዲት ሕፃን ነው። አልተወለደችም፣ አላደገችም፣ በዕድሜ ግን ከእኔም ከሲስተር ጽጌም ትበልጣለች። ስሟ ጦይባ ነው።

ጦይባ አሻንጉሊት ናት። ቁመቷ አዲስ ከተወለደ ሕፃን እምብዛም አይለይም። ጭንቅላቷ፣ እጆቿና እግሮቿ ጠንካራ ናቸው፤ ሆዷና ጀርባዋ ግን በጨርቅ ተሰፍቶ የተጠቀጠቀ ነው። ስለዚህ ሲያነሷት እንደ እውነተኛ ሕፃን ትዝለፈለፋለች፤ አንገቷን ያልደገፈች ተማሪ ወዲያው ትታወቃለች። ሲያስተኟት ዓይኗን ትከድናለች፣ ሲያቀኗት ትገልጣለች። ማን እንዳመጣት በውል የሚያውቅ አልነበረም። ድሮ አንዲት ፈረንጅ ነርስ ትታት ሄደች ይባል ነበር።

ስሙን ያወጡላት እትዬ ዘሐራ ናቸው። እትዬ ዘሐራ እኔን ያስተማሩኝ አዋላጅ ናቸው፤ የሐርቡ ሰው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ መዳፋቸው ሰፊ። ጦይባ መጀመሪያ ጉንጯ እንደ ፈረንጅ ልጅ የቀላ ነበረች አሉ። እትዬ ዘሐራ «ይቺን የምትመስል ልጅ ወሎ ውስጥ የወለደች ካለች ባሏ ያጣራ» ብለው ቀለም በጠበጡና ጠይም አደረጓት። ከዚያ ወዲያም ፊቷ በተሰነጣጠቀ ቁጥር እንደገና ይቀቧት ነበር። የትከሻዋ ጨርቅ ሲተረተር በኦፕራሲዮን ክር፣ ልክ የሰው ቁስል እንደሚሰፋ አድርገው ሰፉላት።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ትጥበቷ ነበር። ሕፃን ማጠብ ሲያስተምሩ ሳፋው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ውስጡ ጠብታ ውኃ የለም። እትዬ ዘሐራ ቢስሚላህ ይሉና ከባዶ ጆግ ባዶው ሳፋ ውስጥ ይቀዳሉ። ክርናቸውን ነክረው ሙቀቱን ይለካሉ። «ፈጀኝ» ይላሉ፤ ከሌላው ባዶ ጆግ ቀዝቃዛ ይጨምራሉ። ከዚያ ጦይባን በግራ ክንዳቸው ላይ አስተኝተው፣ አውራ ጣታቸውን ትከሻዋ ላይ ቆልፈው፣ በደረቅ ጨርቅ ዓይኗን ከውስጥ ወደ ውጭ ይጠርጋሉ። ቀጥሎ ግንባሯን፣ ቀጥሎ ከጆሮዋ ኋላ፣ ቀጥሎ ወተት የሚደበቅበትን የአንገቷን እጥፋት። ሲጨርሱ እጃቸውን ያራግፋሉ። አንድ ቀን እጃቸውን ሲያራግፉ ፊት የቆመች ተማሪ የተረጨባት መስሏት ዓይኗን ጨፈነች። ማንም አልሳቀባትም። እኔም ልጨፍን ምንም አልቀረኝም ነበር።

«እትዬ፣ ለምንድን ነው ውኃ የማናደርገው?» ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ።

«በውኃማ ማንም ያጥባል» አሉኝ። «ውኃ ሳይኖር አጥበሽ ሰው ካመነሽ፣ ያን ጊዜ እጅሽ ተምሯል።»

ሌላው ሰው ግን የራሱን ምክንያት አበጅቶ ነበር። ደሴ ላይ ቧንቧ ሲሄድ ሲመጣ ስለሚኖር፣ ውኃ ለመቆጠብ ነው ይባል ነበር። እኔም ይህንኑ ያዝኩ። እትዬ ዘሐራ ከዚያ በላይ ሳይነግሩኝ ሞቱ። ቦታቸው ለእኔ ተሰጠኝ፤ እኔም በባዶው ሳፋ ማስተማሬን ቀጠልኩ።

በዓመቱ ሲስተር ጽጌ የማሠልጠኛው ኃላፊ ሆና ከሆስፒታሉ መጣች። ሥራ ትችላለች፤ ያንን አልክድም። የተሰበረውን መስኮት ሁሉ አስጠገነች፤ ፍራሽ አስቀየረች። ነገር ግን ለዓይን የሚታይ ነገር ነፍሷ ነው። እንግዶቹ በሚመጡበት ቀን ማለዳ ቦቴ አስመጥታ በርሜሉን ሁሉ አስሞላች። ከዚያ ሳፋዬ አጠገብ መጥታ ቆመች።

«ዛሬ በውኃ ነው የምታሳዪው» አለችኝ።

«ሲስተር፣ እትዬ ዘሐራ ውኃ አስነክተዋት አያውቁም።»

«ዘሐራ ውኃ ስላልነበራት ነዋ! በባዶ ሳፋ ስታጨበጭቢ እንግዶቹ ምን ይበሉን? ቃልቻ ቤት ነው እንዴ ይሄ?»

«ይቅርብዎ።»

«ይቅርብዎ አትበይኝ። ለብ ያለ አድርጊው።»

አለቃዬ ናት፤ አደረግኩት። ክርኔን ነከርኩ። ጦይባን ሳጥብ ክርኔ ሲረጥብ ያ የመጀመሪያው ነው። ዓይኗን ጠረግኩ፤ ደህና ነበረች። አንገቷ ድረስ ዝቅ አድርጌ ፀጉሯ ላይ ውኃ አፈሰስኩ። መጀመሪያ የሄደው ቀለሟ ነው፤ እንደ ወተት ስልባቦት ከጉንጯ ተገፎ ተንሳፈፈ። ከሥሩ ቀይ ጉንጭ ወጣ። ከዚያ ጉንጯ አበጠ። አፍንጫዋ በጣቴ ሥር ለሰለሰ፤ ወዲያው አፍንጫ የሚባል ነገር አልነበራትም። ሳፋው ውስጥ እንደ ገንፎ ያለ ቡናማ ነገር ተከማቸ። አንዷ ተማሪ ጮኸች።

ከእንግዶቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ በእስክሪብቶው ጫፍ ነካ አደረገና «ይሄማ ሰጋቱራ ነው» አለ።

ሲስተር ጽጌ መጀመሪያ ወደ እንግዶቹ አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«የእኛ አሻንጉሊት የፈረንጅ ናት። ፈረንጅ በሰጋቱራ ልጅ ይሠራል? ይሄ የሰፈር አናጢ ሥራ ነው። ዋናዋን ለማን ሸጥሻት?»

«ስፌቱን ይዩት» ብዬ የጦይባን ትከሻ ገለጥኩ። «የእትዬ ዘሐራ ቋጠሮ ነው።»

«መስፋት አንቺም ትችያለሽ።»

እውነቷን ነው። መስፋት ያስተማሩኝ እሳቸው ስለሆኑ የእኔ ቋጠሮ ከእሳቸው አይለይም። ዝም አልኩ። ያፈርኩ የመሰላቸው አሉ። ዝም ያልኩት ግን ሰጋቱራውን በገዛ ዓይኔ ስላየሁት ነው። ፈረንጅ በሰጋቱራ ልጅ ይሠራል ብዬ እኔም አላምንም ነበር። እኔ እንዳልለወጥኳት አውቃለሁ። ታዲያ ማን ለወጣት? ውኃ አስነክቷት የማያውቅ ሰው ማን ነበር? እትዬ ዘሐራ። ይህ ጥያቄ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ተቀመጠ፤ ለማንም አልተናገርኩትም።

በሳምንቱ ለሥራው ጥቅም ሲባል ወደ ቢስቲማ ጤና ጣቢያ ተዛውረሻል ተባልኩ። ሲስተር ጽጌ በኮሪደሩ ስታልፍ «ሰጋቱራሽንም ይዘሽ ሂጂ» አለችኝ። በዱቄት ወተት ካርቶን አድርጌ ይዣት ሄድኩ።

ወሬው ቀድሞኝ ቢስቲማ ገብቶ ነበር። መጀመሪያ ለቀልድ ነው የያዙት። ገበያ ስወጣ «አሻንጉሊት ነጋዴዋ መጣች፤ ዛሬ ምን ይዘሻል?» ይሉኛል። ሽንኩርቴን ገዝቼ እመለሳለሁ። ከዚያ ቀልድነቱ ቀረ። በአንድ የክረምት ቀን የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ ወጣት በቃሬዛ አመጡ። ልጁ የሚመጣው በመቀመጫው ነው። ይህን ዓይነት ልጅ እንዴት እንደሚቀበሉት፣ ሳይጎትቱ፣ እጅን ከዳሌው ላይ አድርጎ በትዕግሥት መጠበቅን፣ በጦይባ ላይ ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ፣ አስደርጌዋለሁ። ጓንቴን ሳጠልቅ የወጣቷ አማት በሩ ላይ ቆመች።

«አንቺ ነሽ ልጅ የምትለውጪው?»

«አሻንጉሊት ነው እናቴ፤ እሱም ውሸት ነው።»

«አሻንጉሊት የለወጠ ልጅ አይለውጥም? ወላሂ የልጄን ልጅ አትነኪውም! አንሡ፣ ደሴ እንወስዳታለን!»

ወጣቷ «እማ፣ በአላህ ተዪኝ፣ እዚሁ ልውለድ» ስትል ሰማኋት። አነሷት። ጭቃውን እየረገጥኩ ተከተልኳቸው፤ ድንጋይ አንሥተው መለሱኝ። ልጁ መንገድ ላይ ተወለደ፤ አልተነፈሰም። እናቱ ተርፋለች። አማቲቱ ከዓመታት በኋላ መጥታ እግሬ ላይ ወድቃለች፤ እሷን ይቅር ብያታለሁ። ስለዚህ ነገር ከዚህ የበለጠ አልጽፍም።

ከቢስቲማ ሐርቡ፣ ከሐርቡ ኮምቦልቻ ተዛወርኩ። የፋብሪካ ሴቶች ከፈረቃ ወጥተው የጥጥ ብናኝ ፀጉራቸው ላይ እንዳለ መጥተው ይወልዱ ነበር። ማስተማር ግን ዳግም አልተሰጠኝም። ካርቶኑ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት አብሮኝ ዞረ። አልጥለውም፣ አልከፍተውም። ብከፍተው በእትዬ ዘሐራ ላይ የምፈርድ ይመስለኝ ነበር።

ጡረታ በወጣሁ ዓመት የቁም ሣጥኔ በር ወለቀና ሙሔ መጣልኝ። ሙሔ አናጢ ነው፤ ሁለት ሴት ልጆቹን ያዋለድኩለት፣ እጁም አፉም የማያርፍ ሰው። ካርቶኑን ከመንገዱ ሊያነሣ ሲያጋድለው ከውስጥ «ምእእ» የሚል ድምፅ ወጣ።

«ሲስተር! እዚህ ውስጥ ፍየል አለ እንዴ?»

ድሮ ሲገለብጧት ታለቅስ ነበር፤ ገና እኔ ተማሪ ሳለሁ ነው ድምጿ የጠፋው። ስንት ዘመን ዝም ያለች ልጅ በሙሔ እጅ ጮኸች። ከዚያ በኋላ አለመክፈት አልቻልኩም።

«አዑዙ ቢላህ! ፊቷን ምን በላባት?»

«ውኃ።»

ሙሔ ከጉንጯ ጠርዝ ፍርፋሪ ቆንጥሮ በጣቶቹ መሐል አሸው፤ አሸተተው፤ ከዚያ ከምላሱ ጫፍ ላይ አደረገው።

«ሰጋቱራና ሙጫ ነው። ቺፑድ ናት እኮ ሲስተር! ቺፑድ ውኃ ሲነካው እንዴት እንደሚያብጥ የቁም ሣጥንሽ እግር አልነገረሽም?»

«የአናጢ ሥራ ናት ማለት ነው?» አልኩት። ድምፄን እንደ ዋዛ አደረግኩት። እትዬ ዘሐራ ግን በዚያች ጥያቄ ላይ ተንጠልጥለው ነበር።

ወደ መስኮቱ ወሰዳት፤ የተበላውን ጉንጭ ወደ ብርሃን አዙሮ የጭንቅላቷን ውስጥ አየ። ጣቱን አስገብቶ ዳበሰ።

«ማሻአላህ» አለ በመጨረሻ። «የምን አናጢ? አናጢ ቢጠርባት የመሮ ምልክት ይኖራት ነበር። ይቺ የተጠረበች አይደለችም፤ የተጫነች ናት። እርጥቡን ሰጋቱራ በብረት ቅርጽ ውስጥ በሙቀት ተጭነው ነው ያወጧት፤ ፊቷ ለብቻ፣ ማጅራቷ ለብቻ። እዚህ ጋ ነው የተጋጠመችው፣ ዳብሺው። ውፍረቷ ዙሪያውን አንድ ነው። እንዲህ ያለ ብረት እዚህ አገር ማን አለው? ጆሮዋን እይ! እኔ ብሠራት ጆሮዋ የበር እጀታ ይመስል ነበር።»

ከዚያ በምላጭ፣ ውኃው ያልደረሰበትን የማጅራቷን ቀለም ትንሽ ፋቀ። ጠይም ወጣ። ከጠይሙ ሥር ሌላ ጠይም፤ ከሥሩ ሌላ፤ እንደ ሽንኩርት። ከሁሉ በታች ቀዩ ቀለም ነበር። ቀዩ እንደ ክረምት ያለፈበት መሬት በቀጫጭኑ ተሰነጣጥቋል፤ በስንጥቁ ውስጥ የመጀመሪያው ጠይም ቀለም ገብቶ ደርቋል። አጉልቶ በሚያሳየው የሙሔ መነጽር ደጋግሜ አየሁት። እትዬ ዘሐራ የመጀመሪያውን ቀለም ሲቀቧት ፈረንጃዊው መልኳ በዕድሜ ብዛት ተሰነጣጥቆ ነበር ማለት ነው። ለመሸጥ ብሎ ምትክ የሚያሠራ ሰው ያረጀ ፊት ከሥር አያሠራም። ለውጥ የለም። ያች የመጀመሪያዋ ናት፤ ሌላ ጦይባ ኖራ አታውቅም።

አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሙሔ «አመመሽ እንዴ?» አለኝ። አላመመኝም።

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ስልኬ ላይ አፍጥጬ ከረምኩ። እንዲህ ያሉ አሻንጉሊቶችን የሚሰበስቡና የሚጠግኑ ሴቶች በየአገሩ አሉ። ኮምፖዚሽን ይሏቸዋል፤ ሰጋቱራ ከሙጫ ጋር ተለውሶ በቅርጽ የተጫነ ነው። የሸክላው አሻንጉሊት ይሰበር ስለነበር ይህን የማይሰበር ብለው ሸጡት፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፕላስቲክ መጣና አስቀረው። ዕድሜያቸውን ለማወቅ ምን እንደሚታይ አነበብኩና አንድ በአንድ ጦይባ ላይ ፈለግኩ። ዓይኗ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ነው፤ ከኋላው የሚጎትተው ትንሽ የእርሳስ ብረት ተንጠልጥሏል፤ ስትተኛ የሚከድናት እሱ ነው። ሆዷ ውስጥ የሚያለቅሰው እቃ እንደ ወናፍ እየተነፈሰ የሚጮኽ ነው። ከጠጉሯ እስከ ጥፍሯ አንዲት ቅንጣት ፕላስቲክ የላትም። ስለዚህ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መሐል፣ ጣሊያን ደሴ ከመግባቱ በፊት ወይም በዚያው ሰሞን የተሠራች ናት እላለሁ። ከዚህ አጥብቤ መናገር አልችልም። በማጅራቷ ላይ የተጫነው የፋብሪካ ጽሑፍ ግማሹ በዚያ የግንቦት ጠዋት ሳፋው ውስጥ ቀርቷል።

ሴቶቹ ሁሉ፣ በየቋንቋቸው፣ አንድ ነገር ደጋግመው ይላሉ፦ ውኃ እንዳታስነኳት፤ በደረቅ ጨርቅ ጥረጓት። ይህን ለእትዬ ዘሐራ ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ምናልባት ፈረንጇ ነርስ፤ ምናልባት የራሳቸው ጣት። ደካማነቷን ዐውቀው፣ ያንን ደካማነት ትምህርት አድርገውት ኖሩ። ሳፋቸው ባዶ የነበረው ለእሷ ነው።

አንድ ነገር ግን በየትኛውም ስልክ ላይ የለም። ፊቷና ማጅራቷ በተጋጠሙበት፣ በጭንቅላቷ ውስጥ፣ ሙጫውን በጣቱ አለስልሶ ያለፈ ሰው አለ። የአውራ ጣቱ አሻራ፣ መስመሩ ሳይጠፋ፣ እንደነበረ ደርቋል። ጣቱ ትንሽ ነው፤ የሴት ይመስለኛል። ማንም ያየዋል ብላ አላደረገችውም፤ ጭንቅላት ውስጥ ማን ያያል? እሷ ያለሰለሰችው ጭንቅላት ባሕር ተሻግሮ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ፣ ደሴ ገብቶ፣ ስንቱ አዋላጅ አንገት መደገፍን የተማረበት ሆነ። አውራ ጣቴን አስገብቼ አሻራዋ ላይ አሳረፍኩት።

ሲስተር ጽጌ ደሴ፣ ቧንቧ ውኃ ሰፈር ትኖራለች። ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፤ ጉልበቷ አይታዘዛትም። ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ ወጣሁ። ጦይባን ጠረጴዛዋ ላይ አስተኛኋት። የተሰነጣጠቀውን ቀይ፣ በስንጥቁ የገባውን ጠይም፣ የብረቱን መጋጠሚያ አሳየኋት። ስጨርስ የጦይባን ማጅራት በጣቷ ነካ አደረገች።

«ዘሐራ ነግራኝ ነበር» አለች።

«ምን ብለው?»

«ማዋለጃ ክፍል አብረን ስንሠራ። ‹አደራ፣ ልጄን ውኃ እንዳታስነኩብኝ› ትል ነበር። የአውሊያ ነገር፣ አጉል እምነት መስሎኝ ናቅኩት። ያን ቀን ፊቷ ሲሄድ ትዝ አለኝ። እንግዶቹ ያዩኛል። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ።»

እስከዚያች ሰዓት አንቱ ስላት ኖሬያለሁ። «እንዳልሸጥኳት ታውቂ ነበር» አልኳት።

«አውቅ ነበር። በላይነሽ፣ አርጅተናል። ይቅር በይኝ። እዚሁ፣ በእኔና በአንቺ መሐል ይቅር።»

«የሰደብሽኝ በእኔና በአንቺ መሐል አልነበረም።»

ያን ጊዜ የቢስቲማውን ነገርኳት፤ ቃሬዛውን፣ ድንጋዩን፣ መንገድ ላይ የቀረውን ልጅ። አልሰማችም ኖሯል። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ቅዳሜ የጡረተኞች ማኅበር ይሰበሰባል» አልኳት። «ያኔ ክፍሉ ውስጥ የነበሩ ብዙዎቹ ይመጣሉ። ለእነሱ ንገሪያቸው፤ ይቅር እልሻለሁ።»

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«እኔ በዚያ ዕድሜዬ ችዬዋለሁ።»

ጦይባን አየቻት፤ መሬት መሬቱን አየች። «አልችልም» አለች።

ጦይባን ካርቶኗ ውስጥ አስተኛኋት። ዓይኗ ተከደነ። ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ቅዳሜ ማኅበሩ ፊት ቆሜ እዚህ የጻፍኩትን ሁሉ ተናገርኩ። ሲስተር ጽጌ አልመጣችም፤ እኔም ይቅር አላልኳትም። ሙሔ ለጦይባ በሰጋቱራና በሙጫ አፍንጫና ጉንጭ ሠራላት፤ ጆሮዋን እንዳይነካ ከለከልኩት። ጠይም ቀባኋት። አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ጤና ጣቢያ እየሄድኩ አዲስ ለተመደቡ አዋላጆች ሕፃን ማጠብ አሳያለሁ። ሳፋው ባዶ ነው።